የቶኖሾ ወደብ መደርደሪያ

በጃፓን ደሴቶች መካከል በመርከብ የሚዞር ጎብኚ ወደቡን ቆሞ የሚያየው ከስንት አንዴ ነው። መርከቡ ሲጠጋ ሻንጣውን አንስቶ ይወርዳል፤ አውቶብሱ የት እንደሚቆም ይጠይቃል፤ ሲመለስም ቲኬት መቁረጫውን ፈልጎ ይሰለፋል። ሊያይ የመጣው ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ተራራው ላይ፣ ባሕር ዳርቻው ላይ፣ ሙዚየሙ ውስጥ። በሾዶሺማ ደሴት፣ ቶኖሾ በሚባለው ወደብ ግን ከመርከቡ ማቆሚያ ብዙም ሳይርቁ ደስ ብሎ መዋል ይቻላል። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። የደሴቲቱ የአራት መቶ ዓመት ታሪክ ወደቡ አጠገብ ባሉት ሱቆች መደርደሪያ ላይ በጠርሙስና በጥቅል ተደርድሮ ይገኛልና።

ሾዶሺማ የምትገኘው በሴቶ የውስጥ ባሕር ነው። ይህ ባሕር በሆንሹ፣ በሺኮኩና በኪዩሹ ደሴቶች መካከል የታቀፈ ስለሆነ ውሃው ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ሾዶሺማ በስፋቷ ከአዋጂ ቀጥላ የዚህ ባሕር ሁለተኛ ደሴት ስትሆን፣ 153 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ትሰፋለች። ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኛት ድልድይ የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር፣ ሰውም፣ መኪናም፣ ሲሚንቶም፣ ደብዳቤም በመርከብ ይመጣል፤ በመርከብ ይሄዳል። ከታካማትሱ ከተማ ወደ ቶኖሾ በትልቁ መርከብ አንድ ሰዓት፣ በፈጣኑ ጀልባ 35 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እኔ ትልቁን እመርጣለሁ። የጭነት መኪኖቹ ተራ በተራ ወደ መርከቡ ሆድ ሲገቡ ማየት ይቻላል፤ ከላይ ደግሞ የደሴቲቱ ሰዎች ገና ከመነሳቱ አግዳሚው ላይ ጋደም ይላሉ። ለነሱ ይህ ሰዓት የዕለት ተዕለት መንገዳቸው ነው። ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት፣ እናቶች ከገበያ የገዙትን የሚያስተካክሉት እዚሁ ነው። መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ትንንሾቹን ደሴቶች የሚቆጥረው እንግዳው ብቻ ነው።

ወደቡ ላይ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚታየው ሐውልት የአንዲት መምህርትና የአሥራ ሁለት ሕፃናት ነው። የደሴቲቱ ተወላጅ ጹቦይ ሳካኤ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው «ሃያ አራት ዓይኖች» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ያሉት መምህርትና ተማሪዎቿ ናቸው (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለት ዓመት በኋላ ኪኖሺታ ኬይሱኬ ፊልም አድርጎታል። ታሪኩ አንዲት ወጣት መምህርት የምታስተምራቸው የመንደር ልጆች አድገው በድህነትና በጦርነት እንዴት እንደተበተኑ ይናገራል። ጃፓኖች የሚያለቅሱበት መጽሐፍ ነው፤ ሐውልቱም ለሰላም በሚል መንፈስ የቆመ ነው። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ባሕሩ ጠርዝ ላይ የኮሪያው ሠዓሊ ቼ ጆንግ ህዋ በ2013 ለሴቶ የሥነ ጥበብ ፌስቲቫል የሠራው ከወይራ ቅጠል የተጎነጎነ ወርቃማ አክሊል አለ። ቅጠሎቹ ላይ የደሴቲቱ ተማሪዎች ለባሕሩ የጻፏቸው መልእክቶች ተቀርጸዋል። ሰው ሁሉ መሐሉ ገብቶ ፎቶ ይነሳል፤ ቅጠሎቹን ቀረብ ብሎ የሚያይ ግን ብዙም አላየሁም። ማየት ይገባል። ወደብ ላይ ያሉት ሁለቱም ሐውልቶች የልጆች መሆናቸው፣ ወጣቶቿ ለትምህርትና ለሥራ እየወጡ ለሚቀሩባት ደሴት ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሱቁ እንግባ። ከዓይን ፊት የሚቆሙት አምስት ነገሮች ናቸው፦ ሶይ ሶስ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ሶሜን የሚባለው ክር የመሰለ ቀጭን ፓስታ፣ የወይራ ዘይትና ጹኩዳኒ፣ ማለትም በሶይ ሶስና በስኳር ተሟጦ የበሰለ የባሕር አረም። መጀመሪያ የገረመኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሶይ ሶስ አኩሪ አተርና ስንዴ ይፈልጋል። ሶሜን ስንዴ ይፈልጋል። የሰሊጥ ዘይት ያለ ሰሊጥ አይሆንም። ይህች ተራራማ ደሴት ግን እነዚህን ሁሉ ለፋብሪካ በሚበቃ መጠን የምታመርትበት ሜዳ የላትም። የራሷ የነበራት ሦስት ነገር ነው፦ ዝናብ የማያበዛ ፀሐያማ አየር፣ ከባሕሩ የሚወጣ ጨው እና ለኦሳካ ገበያ የሚቀርብ ወደብ። ሌላው ሁሉ በመርከብ የመጣ ነው።

እንዴት እንደመጣ የሚነገረውም ታሪክ ከጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ሶሜን በ1598 ገደማ የደረሰው ወደ ኢሴ መቅደስ ሊሳለሙ የሄዱ የደሴቲቱ ሰዎች በመንገዳቸው ሚዋ በምትባል የናራ አካባቢ አሠራሩን ተምረው ስለተመለሱ ነው ይባላል። ሶይ ሶስን ያመጡት ደግሞ ድንጋይ ፈላጮች ናቸው። ያኔ ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት በ1620 የኦሳካን ግንብ እንደገና ማሠራት ሲጀምር መሳፍንቱ ግዙፍ ድንጋይ ከዚች ደሴት እያስፈለጡ በመርከብ ያስጭኑ ነበር። ሠራተኞቹ ለምግባቸው ማጣፈጫ ከዩዋሳ ከተማ ይዘውት የመጡት ሶይ ሶስ ለደሴቲቱ ሰዎች ጣማቸው፤ ጨው በእጃቸው ነበርና ሄደው ሙያውን ተማሩ። ተፈልጠውና የባለቤቶቻቸው ምልክት ተቀርጾባቸው ሳይጫኑ የቀሩ ድንጋዮች ዛሬም በሰሜኑ ዳርቻ ተጋድመው ይታያሉ። ድንጋዩ ወጣ፤ ሙያው ገባ። ከድንጋዩ ይልቅ ደሴቲቱን ያቆያት የገባው ነው።

የሶይ ሶሱን ጠርሙስ ከመግዛት በፊት የሚጠመቅበትን ቦታ ማየት ግድ ይላል። ከቶኖሾ በአውቶብስ ወደ ደሴቲቱ ምሥራቅ ሲሄዱ ወደ ሃያ የሚጠጉ የሶይ ሶስና የጹኩዳኒ ቤቶች ያሉበት ሠፈር ይገኛል። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ዛፉ ሳይቀር ጠቁሯል። ለእንግዳ ቆሻሻ ቢመስልም አይደለም፤ ከመጥመቂያዎቹ በአየር የሚወጣው ረቂቅ ሻጋታ ነው። ያማሮኩ የሚባለው ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው። ሊገባ የመጣ ሰው በዚያ ቀን ናቶ፣ ማለትም የተብላላ አኩሪ አተር፣ በልቶ እንዳልሆነ ይጠየቃል፤ የናቶው ባክቴሪያ ብርቱ ስለሆነ መጥመቂያው ውስጥ ያለውን ሕይወት እንዳይረብሽ ይፈራሉ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ዓይን እስኪለምድ ድረስ የሚመራው ሽታው ነው፤ ጎምዘዝ፣ ጣፈጥ፣ ጨው ጨው የሚል። ከዚያ በርሜሎቹ ብቅ ይላሉ፤ ከጃፓን ጥድ የተሠሩ፣ በተጎነጎነ የቀርከሃ ቀለበት የታሰሩ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ። ላያቸው ላይ እንደ ዛፍ ቅርፊት የጠነከረ፣ ቦታ ቦታ ላይ ነጭ፣ ቦታ ቦታ ላይ ቡናማ የሆነ ልባስ አለ። ይህ ልባስ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ የእርሾና የባክቴሪያ መኖሪያ ነው። ማንም አያጥበውም፤ ማንም አይፍቀውም። ደረጃውን ወጥቶ ከላይ ሲያዩ የተቀቀለው አኩሪ አተርና የተቆላው ስንዴ በጨው ውሃ ውስጥ ተዋህዶ ወፍራም ቡናማ ሊጥ ሆኗል፤ ሞሮሚ ይሉታል። በሙቀት ወራት ይፈላል፤ ጆሮ ጣል ላደረገለት አረፋው ሲፈነዳ ይሰማል። ይኸው ቤት አንዱን የሶይ ሶስ ዓይነት ሁለት ጊዜ ይጠምቀዋል፤ መጀመሪያ የተጨመቀውን ሶስ በጨው ውሃ ፋንታ መልሶ ይጨምርና እንደገና ያቆየዋል። አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል።

በእንጨት በርሜል የሚጠመቀው ሶይ ሶስ ዛሬ ከጃፓን ምርት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ሌላው በአብዛኛው በዘመናዊ ጋን ተጠምቆ በወራት ይደርሳል። ሾዶሺማ ላይ ግን አሁንም ከአንድ ሺህ በላይ በርሜል አለ። ችግሩ በርሜል ሠሪው ነበር። አንድ በርሜል መቶ ዓመት ቢያገለግልም ዘላለማዊ አይደለም፤ ትልልቁን በርሜል የሚሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ ተመናምነው ሊያልቁ ደርሰው ነበር። የያማሮኩ አምስተኛ ትውልድ ባለቤት ያማሞቶ ያሱዎ ከደሴቲቱ አናጢዎች ጋር ሆኖ በ2012 ሙያውን ሄዶ ተማረ፤ በተከታዩም ዓመት የራሳቸውን በርሜል አቆሙ። አሁን በየዓመቱ በጃንዋሪ ከሌሎች ግዛቶች ሳይቀር ጠማቂዎች፣ አናጢዎችና ምግብ አብሳዮች መጥተው አብረው በርሜል ያቆማሉ። አንድ ጠማቂ ለተፎካካሪው በርሜል መሥራት ማስተማሩ ነው ከሁሉ የደነቀኝ። እሱ የሚሠራቸው በርሜሎች ጥሩ ሶስ የሚሰጡት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሲረከቡ ነው፤ ያኔ ሙያው በአንድ ቤት ብቻ ከቀረ ተመልሶ ይጠፋል።

ወደ ወደቡ ተመልሼ ምሳ ልብላ። የደሴቲቱ ሰዎች ሂሺዮ ዶን የሚሉት ምግብ አለ፤ በጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ላይ የዓሣ ወይም የአትክልት ዓይነት ይደረጋል፤ ማጣፈጫው የደሴቲቱ ሶይ ሶስ ወይም ሞሮሚ መሆን አለበት፤ ከጎኑ ወይራ ወይም ጹኩዳኒ ይቀርባል። ጥሩ ነው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ ሰው ሶሜኑን ይብላ። እዚህ ሊጡ ሲሳብ የሚቀባው የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ሌላ ቦታ የጥጥ ፍሬ ወይም ሌላ የአትክልት ዘይት ነው የሚጠቀሙት። ሊጡ ዘይት እየተቀባ ይገመዳል፤ ሁለት ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ቀስ በቀስ ይሳባል፤ ክሮቹ እንዳይጣበቁ ረጃጅም እንጨቶች መሐላቸው ገብተው ይለያዩአቸዋል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። ከሩቅ ሲያዩት ሸማኔ ድር የዘረጋ ይመስላል። አንዳንድ ቤቶች ሳይደርቅ ቀቅለው ያቀርቡታል፤ ከበረዶ ውሃ ወጥቶ ይመጣል፤ ሲነከስ ለስላሳና ጠንከር ያለ ነው፤ የሰሊጡ ጠረን መጨረሻ ላይ በአፍንጫ ይወጣል። ለጿሚ አንባቢ፦ ሶሜኑ ራሱ ዱቄት፣ ጨው፣ ውሃና ዘይት ብቻ ነው፤ የሚጠቀስበት መረቅ ግን ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሶይ ሶስ ጠብ አድርጎ መብላትም ይቻላል፤ እንዲያውም እንዲያ ይሻላል።

ከምግብ ቤቱ ስወጣ ነፋሱ ዞሮ የተቆላ ሰሊጥ ሽታ ይዞ መጣ። ወደቡ አጠገብ ያለው የካዶያ ፋብሪካ ነው። ካዶያ በ1858 በዚችው ቶኖሾ የተመሠረተ የሰሊጥ ዘይት ቤት ሲሆን፣ ቢጫ ክዳን ያለው ጠርሙሱን በየትኛውም የዓለም ከተማ የእስያ ሱቅ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ያን ሽታ እዚያ ማግኘት ለኢትዮጵያዊ ሰው ልብ የሚነካ ነው። በጾም ሰሊጥ ሲቆላ የሚሸተውን ቤት ያስታውሳል፤ ሰሊጡ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ እንጀራ ሲፈተፈትበት ያስታውሳል። ጃፓን የምትጠቀምበትን ሰሊጥ ከመቶ 99 እጅ በላይ የምትገዛው ከውጭ ነው፤ ብዙው የሚመጣላት ከአፍሪካ ነው፤ ኢትዮጵያም ከሻጮቹ አንዷ ሆና ቆይታለች። ሰሊጥ ለኛ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ብዙ የውጭ ምንዛሪ ያስገኘ ሰብል ነው፤ የሁመራው ነጭ ፍሬ ደግሞ ገዢ የሚፈልገው ስመ ጥር ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሚወጣው በጆንያ፣ በጥሬው ነው። ለፋብሪካ የሚበቃ የሰሊጥ ማሳ የሌላት ትንሽ የወደብ ከተማ ከ160 ዓመት በላይ ሰሊጥ ስትቆላና ስትጨምቅ ኖራለች። ምን ያህል መቁላት የዘይቱን ቀለም እንደሚያጠቁር፣ የቱ ለመጥበሻ፣ የቱ ለማጣፈጫ እንደሚሆን ለይታ ታውቃለች። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ ቁጭት ግን አለኝ። ሁመራና መተማ ላይ ይህን የሚያህል፣ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መቁያ ቤት እንዲኖር ከልቤ እመኛለሁ።

ወይራው ከሁሉ በኋላ የመጣ ነው። በ1908 የጃፓን መንግሥት ለዓሣ ማሸጊያ የሚሆን ዘይት ፈልጎ በሚኤ፣ በካጎሺማና በካጋዋ ግዛቶች የወይራ ችግኝ አስተከለ። የጸደቀውና ያፈራው በካጋዋ፣ በሾዶሺማ ብቻ ነበር። ዛፉ የኛው የደጋ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን ሲያዩት ያስታውቃል፤ ፍሬው ግን ከኛው ብዙ ይበልጣል። በ1959 የውጭ ወይራ በነፃ እንዲገባ ሲፈቀድ ገበሬዎቹ ተጎድተው ብዙዎች ትተውት ነበር፤ የዛሬው ጥላ ያለው ኮረብታ ከዚያ በኋላ እንደገና የተተከለ ነው። ከዘይቱ የተረፈው አተላ ደርቆ ለከብት ይሰጣል፤ በዚያ የደለበው ሥጋ የራሱ ስም ወጥቶለት ይሸጣል። በደሴቲቱ የወይራ መናፈሻ ላይ ያለውን ነጭ የግሪክ የነፋስ ወፍጮ፣ ወጣቶች የሚበሩ ለመምሰል መጥረጊያ ተውሰው እየዘለሉ ፎቶ የሚነሱበትን፣ ጊዜ ያለው ይየው።

በእግር ለመንሸራሸር የቶኖሾ አሮጌ ሠፈር ይበቃል። ወደቡ ያለበት መሬት በእውነቱ ማኤጂማ የምትባል ሌላ ደሴት ናት፤ ከሾዶሺማ የሚለያት ዶፉቺ የሚባል የባሕር ሰርጥ ነው። ጠባቡ ቦታ 9.93 ሜትር ብቻ ስለሆነ በ1996 በጊነስ መዝገብ የዓለም ጠባቡ ሰርጥ ተብሎ ተመዝግቧል። ድልድዩን ተሻግሮ የምስክር ወረቀት መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን ከድልድዩ ሥር ባሕሩ ወዴት እንደሚፈስ ማየቱ በቂ ሆኖልኛል። የአሮጌው ሠፈር መንገድ ይጠማዘዛል፣ ይሰናከላል፣ ይታጠፋል። የባሕር ወንበዴ ሲመጣ እንዲጠፋበት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ይላሉ። እነዚያን ጠባብ መንገዶች ተከትሎ የሳይኮጂ ቤተ መቅደስ ቀይ ፓጎዳ በጣሪያዎች መሐል ብቅ ይላል። በአጠገቡ ባለቅኔው ኦዛኪ ሆሳይ የኖረባት ጎጆ እንደገና ተሠርታ ትታያለች። ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በኢንሹራንስ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ሥራውንም ትዳሩንም አጥቶ በ1925 እዚህ መጥቶ የጎጆዋ ጠባቂ ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት በኤፕሪል እስኪሞት ድረስ ሃይኩ የሚባሉትን፣ ልማዳዊውን ልክ የማይጠብቁ አጫጭር ግጥሞቹን ጻፈ። ስምንት ወር ገደማ ኖሮ ደሴቲቱ የራሷ አድርጋዋለች።

የመላእክት መንገድ የሚባለው የአሸዋ መተላለፊያ ከወደቡ ብዙ አይርቅም። ባሕሩ ሲጎድል በቀን ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ትንንሾቹን ደሴቶች ያገናኛል፤ ሰዓቱ ወደቡ ላይ ይለጠፋል። ፍቅረኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሻገሩታል። ውብ ነው፤ ግን ሕዝብ ይበዛዋል። ማለዳ የሚያመቸው ማለዳ ይሂድ።

ለመመለስ ወደቡ ላይ ስደርስ የምገዛውን መርጬ ነበር፦ አንድ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሰሊጥ ዘይት፣ ሁለት ጥቅል ሶሜን። ሱቁን የያዙት ሸምገል ያሉ ሴት ጠርሙሶቹን በጋዜጣ አንድ በአንድ እየጠቀለሉ ከየት እንደመጣሁ በስልካቸው አስተርጓሚ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰሊጥ እኛ ጋ እንደሚበቅል ስጨምርላቸው መጠቅለሉን አቁመው ቀና አሉ።

«ዛፍ ነው?» አሉኝ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘይቱን ሽታ ሲያሸቱ ኖረዋል፤ ተክሉን ግን አይተውት አያውቁም። ዛፍ እንዳልሆነ፣ እስከ ሰው ትከሻ የሚደርስ አገዳ እንደሆነ፣ ደወል የመሰለ ነጣ ያለ አበባ እንዳለው ነገርኳቸው። ፍሬው ከደረቀ ዛላው በራሱ ተከፍቶ መሬት ላይ ስለሚረግፍ ገበሬው ቀድሞ አጭዶ፣ አስሮ፣ አቁሞ እንደሚያደርቀው፤ ከደረቀ በኋላ ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ሲመታ እንደ ዝናብ እንደሚወርድ በእጄ ጭምር አሳየኋቸው። አጨዳው ሲደርስ ከደጋው ስንት ሰው ወደ ቆላ እንደሚወርድ፣ ሙቀቱ ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ፤ የማውቀውን መለስኩላቸው። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው የሥራ ባልደረባቸውን ተጣሩ። ወጣቷ መጥታ ስትቆም «መስማት ከፈለግሽ አሁን ነው፣ እኚህ ሰው ሰሊጥ የሚበቅልበትን አገር ያውቃሉ» አሏት፤ ለእኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና እንድናገር በእጃቸው አመለከቱኝ። ለመርከቡ ገና ጊዜ ነበረኝና ጀመርኩ።